በሠላሳ አምስት ቀን አንዴ

ላስሚ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን ቴምፔ የተባለ የአኩሪ አተር ምግብ እየደረደረች ቀና ስትል ጊያንቶን ያየች መሰላት። ግን ሊሆን አይችልም። የመንደሩ ገበያ የሚቆመው በየአምስት ቀኑ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጊያንቶ ደግሞ የሚያርፈው በየሰባት ቀኑ፣ እሑድ ብቻ። ሁለቱ የሚገጥሙት በሠላሳ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ ትልቁን ጥቅል ለእሱ የምታስቀምጠውም ያን ዕለት ነበር። ከተያዩ ገና አሥር ቀናቸው ነው፤ ቀኑም ረቡዕ።

«አንቺ ልጅ፣ በቁምሽ ሕልም ማየት ጀመርሽ?» አሏት ጎረቤቷ ቃሪያ ሻጯ እትዬ ሱጊያህ።

ሕልም አልነበረም። ጊያንቶ ብስክሌት እየገፋ መጣ፤ ከኋላው ክብ የቢላዋ መሳያ ድንጋይ ታስሯል።

«ጊያንቶ፣ ተባረርክ እንዴ?» አለችው ደንግጣ።

«እኔው ነኝ የተውኩላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቢላዋ እስላለሁ። አምስት መንደር፣ አምስት ገበያ፣ በቀን አንድ» አለና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። «ዙሩን ስጨርስ ተመልሼ እዚሁ ነኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ ሱጊያህ። «በሠላሳ አምስት ቀን አንዴ የምንሰማውን ሳቃችሁን ሰባት ጊዜ ልንሰማው ነው!»

ላስሚ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ለእሱ ያስቀመጠችው ጥቅል አልነበረም። ዙሪያዋን ፈልጋ የሙዝ ቅጠል የምትቆርጥበትን ቢላዋ አነሳችና ዘረጋችለት። በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰሰው።

«ይሄ እኮ ስል ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ለሚቀጥለው ገበያ ወረፋ መያዜ ነው።»