ሠላሳ ሊትር የሚውጠው ማሽን

«ቱቦው የታለ?»

ሐጃ ኩብራ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ጠየቁ...



ቱቦው እኔ የተቀመጥኩበት ጆንያ ሥር ነበር።

ልጄን እያጠባሁ ነበር። የምታጠባ እናትን ማንም «ተነሽ» አይላትም ብዬ ነው እዚያ የተቀመጥኩት...

ቆይ፣ ሳትፈርዱብኝ ልንገራችሁ።

መተማ ዮሐንስ ነው የምንኖረው። ስድስት ሴቶች ነን፣ የሐጃን ሰሊጥ እናበጥራለን። ቀኑን ሙሉ በወንፊት ስንነፋ እንውልና አመሻሽ ላይ ወለሉን ጠርገን እንወጣለን።

ጥራጊው የእኛ ነው።

ማንም አልፈረመበትም... ግን ድሮም እንዲህ ነው። በየጣሳችን እንካፈላለን፣ ቤት ወስደን አፈሩን ከሰሊጡ እንለያለን፣ ሰሊጡን ለዘይት ጨማቂ እንሸጣለን። የልጄ የገንፎ ዱቄት ከዚያች ጣሳ ነው።

ሰኞ ዕለት ሐጃ አንድ ትልቅ ካርቶን በባጃጅ ጭነው መጡ።

ቫኪዩም! ባለ ቱቦ፣ አቧራና ጥራጊ ስቦ የሚውጥ ማሽን።

ዋጋውን ስትሰማ ውቢት ወንፊቷን ጣለች።

«በዚህ ብር እኮ በሬ ይገዛል! በሬ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አይቆምም!»

ሳቅን።

«ሰርኬ፣ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ... ካርቶኑ ምን ይላል?» አለችኝ ውቢት።

እኔ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛው አልገባኝም። ቁጥሩን ግን አነበብኩ።

«ሠላሳ ሊትር ይላል።»

«ምኑ?»

«ሆዱ መሰለኝ... የሚውጠው።»

ሳቁ ቆመ። ሁላችንም ጣሳችንን አየን። የስድስታችን ጣሳ ተደምሮ ሠላሳ ሊትር አይሞላም።

«በቃ፣ ጥራጊያችንን ሊበላ ነው የመጣው» አለች ውቢት። «እነዚህ ሰዎች መሬት ላይ የወደቀውን እንኳ አይተዉልንም!»

«ተይ አንቺ... መጀመሪያ ጠይቂያቸው» አሉ እትዬ ማናዬ እያሳሉ። በዕድሜ ትልቃችን እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ይጠይቋቸዋ!»

እሳቸውም ወደ ወንፊታቸው ተመለሱ።

ሐጃን መጠየቅ ይከብዳል። መጥረግ ስንጀምር በሚከናነቡት ቶብ ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው ግቢው ዳር ድረስ ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻቸዋለሁ። «አቧራችንን ተጠይፈው ነው» እንባባላለን።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ... ቱቦውን ነቅዬ ጆንያው ሥር ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ወንፊቱ አልታዘዘኝም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ውኃ እጠጣለሁ፣ ጥሜን አይቆርጥልኝም። ልጄም ገባት መሰለኝ... ጡቱን ትይዛለች፣ ትለቃለች።

ያኔ ነው ሐጃ «ቱቦው የታለ?» ያሉት።

ውጭ ከአብርሃ ጅራ የመጣ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል። ወለሉ ሳይጠረግ አዲስ ሰሊጥ አይራገፍም።

እትዬ ማናዬ መጥረጊያውን አነሡ።

ሐጃ ከእጃቸው ነጠቋቸው።

«ማናዬ፣ ተዪው አንቺ! ሁላችሁም ውጡ! ሕፃኗንም አውጫት!»

ወጣሁ። ልቤ ግን ጆንያው ሥር ቀረ...

በበሩ አየናቸው። ሐጃ ቶባቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ይጠርጋሉ። እንደ እኛ... ኧረ ከእኛም በላይ! ከየትኛው ጥግ እንደሚጀመር ያውቃሉ። ሰሊጡን ከአፈሩ በመጥረጊያው ጫፍ ይለዩታል።

«ይሄን ደግሞ የት ተማሩት?» አለች ውቢት።

አቧራው ተነሣ።

መጥረጊያው ወደቀ።

ሐጃ በጉልበታቸው ተንበረከኩ... ደረታቸው ያፏጫል፣ ዓይናቸው ፈጧል።

ልጄን ለውቢት ወርውሬ ሰጥቼ ገባሁ። በእጃቸው ቦርሳቸውን አሳዩኝ። ለአስም የሚነፋውን መድኃኒት አውጥቼ አፋቸው ላይ ያዝኩላቸው። ሳቡ... ደገሙ...

ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጥናቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ እንዲህ አሉ...

«አብርሃ ጅራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሰሊጥ ጠርጌያለሁ። ይሄን ደረት ያመጣሁት ከዚያ ነው። ማናዬ ስታስል ስሰማ... እኔንም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ።»

የተጠየፉን መስሎን ነበር... ለካ መተንፈስ አቅቷቸው ነው!

«ጥራጊውስ?» አለች ውቢት። ምላሷ መቼ ያርፋል!

«ጥራጊው ምን ሆነ?»

«ማሽኑ ሊውጠው አይደል?»

ሐጃ ግራ ገባቸው።

«ይውጠዋ! ሲመሽ ሆዱን ከፍታችሁ ትካፈላላችሁ። ትንሹ ማሽንማ ርካሽ ነበር። ትልቁን የገዛሁት የስድስታችሁን ጥራጊ ባንዴ እንዲይዝ ብዬ ነው!»

መጋዘን ገብቼ ቱቦውን ይዤ ወጣሁ።

«ሐጃ... እኔ ነኝ።»

ቱቦውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ።

«እርስዎስ ለምን አልነገሩንም?»

ውቢት እንኳ ደነገጠች።

ሐጃ ቱቦውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እሱም እውነት ነው» አሉ። ቱቦውን መልሰው ሰጡኝ። «ግጠሚው። ከዛሬ ጀምሮ ጠባቂው አንቺ ነሽ። መደበቅ ታውቂበታለሽ!»

ማሽኑ ሲጮህ ልጄ አለቀሰች። መሀል ላይ መብራት ጠፋና ውቢት «በሬ ይሻላል አላልኳችሁም?» አለች። መብራቱ ሲመለስ ጨረስን። ሆዱን ስንከፍት... ሰሊጣችን ቁጭ ብሏል። ጣሳዬ እንደ ወትሮው ሞላች።

የእትዬ ማናዬ ሳል ዛሬም አለ። ግን ቀንሷል።

እኔ የተማርኩት ይሄን ነው... ሰው አፍንጫውን ሲሸፍን የሚሸሸው እኛን ላይሆን ይችላል፣ እንጠይቀው። መልካም ስንሠራም ለምን እንደምንሠራው ለሚነካው ሰው እንንገረው። እሳቸው በደግነታቸው ዝም አሉ፣ እኔ በጥርጣሬዬ ዝም አልኩ... መሀል ላይ ሰው ሊሞት ነበር።

ሰው አሁንም «ለመጥረጊያ ያን ያህል ብር?» ይለናል። እኔ ያን የሐጃን ደረት ፉጨት ሰምቼዋለሁ፣ ውድ ነው አልልም።

እናንተ ግን ፍረዱ... ጥፋቱ ሳልጠይቅ የደበቅኩት የእኔ ነው ወይስ ሳይነግሩን የገዙት የሐጃ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ልጄ ስትተኛ አንድ በአንድ አነባለሁ።