ውጭ የምትጠብቃት

ሲስተር ጥሩወርቅ ወደዚህ ክሊኒክ የመጣችው የታመመች ባልደረባዋን ለዛሬ ብቻ ልትተካ ነው። አልጋው ላይ አንዲት ወጣት ሆዷን ይዛ ታቃስታለች፤ አንሶላው በደም ርሷል።

“አርግዘሽ ነው አይደል? ያስረገዘሽ ልጅ የታለ?”

“ወንድ አላውቅም፣ ሲስተር።”

“አትዋሺኝ! ይሄ ሁሉ ደም ታዲያ ከየት መጣ?”

ወጣቷ ሕመሙ አላስችል ብሏት እውነቱን ተናገረች። “ፍቅረኛዬ ሴት ናት።”

ሲስተር ጓንቷን አውልቃ ወረወረች። “በስመ አብ! ተነሺ ካልጋው! አንቺን በእጄ አልነካም። ያበላሸችሽስ የት አለች?”

“ውጭ እየጠበቀችኝ ነው።”

“እሷን የወለደ ማህፀን ይድረቅ!” አለችና ልታዋርዳት በሩን በርግዳ ወጣች።

አግዳሚው ላይ የበሽተኛዋን ጃኬት ታቅፋ የተቀመጠችው የሲስተር የገዛ ልጇ ሶልያና ነበረች። እናቷን ስታይ ደንግጣ ብድግ አለች።

“እማዬ” አለች፣ “እባክሽ አድኛት።”