ገጽ አርባ ሁለት

የሒሳብ መመረቂያ ጽሑፉ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ስህተት እንዳለ ፈታኙ ተናግረው ሳይጨርሱ፣ የተማሪዋ አማካሪ በቀይ እስክሪብቶአቸው ጠረጴዛውን ደበደቡት። «የቦሬል ስብስብ በማይቋረጥ ፈንክሽን ወደ ኋላ ሲመለስ ነው ቦሬልነቱን የማይለቀው! ወደ ፊት ሲሄድ ዋስትና የለውም! ስንቴ ልንገርሽ? ይህን ጉድ ከየት አመጣሽው?»

ሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ተማሪ ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከቦርሳዋ የዓምናውን ረቂቅ አወጣችና ያንኑ ገጽ ገልጣ በፈታኙና በአማካሪዋ መሐል ዘረጋችው። እሷ «ወደ ኋላ» ብላ የጻፈችው በቀይ ተሰርዟል፤ ከበላዩ በአማካሪዋ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ «ወደ ፊት! ዓይንሽን ገልጠሽ ጻፊ!» ይላል።

አማካሪዋ እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ወደ እጅጌያቸው ሳቡት። ተማሪዋ ጣቷን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ» አለች።