ባትሪውን የሚበላው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የአንድ ሰው ነገር ላጫውታችሁ።

ሰውየው ሚስቱን ለኩላሊት እጥበት ወደ ከተማ የሚያመላልስባት አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረችው። በመንደሩ ሌላ መኪና የለም። ሐኪሙም «ካቋረጠች አትቆይም» ብሎታል። አሁን አሁን ግን የእጥበቱ ቀን ሲደርስ፣ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ጭጭ! ባትሪው ሞቷል። ጎረቤት ተጠርቶ እየተገፋች እስክትነሳ ተራው ያልፋል። የሚስቱ እግር አብጦ ጫማ አልገባ ብሏል።

«ወንድም ዓለሜ፣ በእናትህ! እሷ ከሞተችብኝ እኔም የለሁ» ብሎ መካኒኩን ለመነው።

መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ፈታና በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አገናኘ። «ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ተደብቆ የሚበላ ነገር ካለ ይቺ ትበራለች» አለ። ጠበቁ። አልበራችም።

«ቮልስህ ከእኔም ከአንተም ጤነኛ ናት። ይልቅ መብራት እያበራባት የሚያመሽ ሰው ፈልግ። የሰፈር ጎረምሳ አይጠፋም።»

ሰውየው በገነ። በእጥበቱ ዋዜማ ለሚስቱ «ለቅሶ ቤት ላድር ነው» ብሏት ወጣና፣ ዱላውን ይዞ ከአጥሩ ሥር አደፈጠ። መንደሩ ጸጥ ሲል የመኪናዋ በር ተከፈተ፤ የውስጥ መብራቱ ቦግ አለ። ዱላውን አንስቶ እየሮጠ ደረሰ።

ጋቢ ተከናንባ መሪው ላይ የተደገፈችው ሚስቱ ነበረች።

«ደክሞኛል» አለችው ቀና ሳትል። «እጥበቱ ይብቃኝ ልልህ ስል፣ ዓይንህን እያየሁ አቃተኝ።»

ልጆቼ፣ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ይቺን ሴት አስታውሱልኝ።