ጋዜጣ ላይ የሚሰድባቸው ሰው

«አባባ፣ ይህች ዓይን ድሮ የግላኮማ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። አሁን ሞራውን ስናነሳ የድሮው ሥራ ሊበላሽ ይችላል» አለቻቸው ሐኪሟ።

«ይበላሻ! ያ ገልቱ ጸሐፊ በየሳምንቱ ሲያብጠለጥለኝ በሚስቴ አፍ ከምሰማ፣ አንድ ቀን በገዛ ዓይኔ አንብቤው ልታወር!» አሉ ጡረተኛው ጠበቃ።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጋዜጣ የሚያነቡላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ጠበቃው ስድቡን ሰምተው፣ መልሱን እየጮኹ ካላጻፉ እህል አይወርድላቸውም።

ፋሻው ሲፈታ ዓይናቸው ጥርት አድርጋ አየች፤ የድሮውም ሥራ ደህና ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ጋዜጣውን ከባለቤታቸው እጅ መንጭቀው ከዳር እስከ ዳር አገላበጡት። የሲሚንቶ ማስታወቂያ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የጨረታ ጥሪ አለ። ጸሐፊው ግን የለም።

«የት ገባ ይሄ ፈሪ?»

ባለቤታቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ገና አላሰብኩትም። ዛሬ ምን ብሎ ይስደብህ?»