የሳምንቱ መርፌ

ሁለቱም ስኳር አለባቸው። ሚስትየዋ በቀን ሁለቴ ክኒን ትውጣለች። አብራቸው የምትኖረው የባሏ እህት ምንትዋብ ደግሞ ስኳርም ውፍረትም ይቀንሳል የተባለውን መርፌ በሳምንት አንዴ ራሷን ትወጋለች። መርፌውን ከፋርማሲ የምታመጣላት ሚስትየዋ ናት። ሰኞ ሰኞ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

"በሦስት ወር ዘጠኝ ኪሎ" አለች ምንትዋብ፣ የሰፋ ቀሚሷን ወገቧ ላይ እየሰበሰበች። "ያንቺ ክኒን ግን ሆድሽንም አልነካው። ወንድሜ ምን አይቶ እንዳገባሽ እንጃ።"

"ይቅናሽ" አለች ሚስትየዋ።

በማግስቱ ምንትዋብ ዓይኗ ብዥ አለባትና አብረው ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ስኳርሽ ከአራት መቶ በላይ ነው። ያከሳሽ በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። መርፌውን የት ነው የምታስቀምጪው?"

"ፍሪዘር ውስጥ። መብራት ስለሚጠፋ እንዳይሞቅብኝ ብዬ።"

"በረዶ ከሠራ እኮ አይሠራም። ከፋርማሲ ስትወስጂ አልነገሩሽም?"

ምንትዋብ ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። ሚስትየዋ ግን የመለሰችው ለሐኪሙ ነበር።

"ለእኔ ነግረውኛል። እሷ አልጠየቀችኝም።"