ያልደረቀው ካፖርት

በኪሉንግ ወደብ ጥርን ሙሉ ዘነበ፤ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር አላበው። ልጅቷ በሩን በሩን እያየች፣ "ዛሬስ በቃኝ፣ እማዬ! ካፖርቴ ደረቀም አልደረቀም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ" አለች።

"ሂጂ፤ ማን ያዘሽ? እርጥብ ለብሰሽ ባቡር ላይ ብርድ ሲመታሽ ግን እንዳትጠሪኝ" አለች እናቷ። "እስቲ መጀመሪያ ዳስሺው።"

ልጅቷ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት እጅጌ ጨበጠችው። ለሦስት ሳምንት እንዳደረገው ሁሉ ዛሬም ውሃው በጣቶቿ መሃል ተንጠባጠበ። ልትለቀው ስትል እጇ ቀጥ አለ፤ ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። ዞር ስትል እናቷ ማንቆርቆሪያውን ከኋላዋ ደብቃ ቆማለች፤ ጣቶቿን ብርድ አኮራምቷቸዋል።

"አልደረቀም አይደል?"

ልጅቷ እጅጌውን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው።

"አልደረቀም" አለች። "ነገ ግን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢው፤ ጋዙን አትጨርሺ።"